ቅድስት ዣን ዳርክ፦ የሐሰት ክስና የእውነት ሙግት



ሜይ 30 ቀን የቅድስት ዣን ዳርክ መታሰቢያ ነው። ብዙዎቻችን ይህችን ቅድስት የምናውቃት የጦር ልብስ ለብሳ፥ በፈረስ ተቀምጣ፥ ሰንደቅ ዓላማ ይዛ በምትታይበት ሥዕል ነው። ሆኖም በጦር ሜዳ የቆየችው ከአንድ ዓመት እምብዛም ያልበለጠ ጊዜ ሲሆን፥ ስሟ በፍርድ አደባባይ የቆየው ግን ከዚያ እጅግ ለረዘመ ዘመን ነው። ስለ ልጅነቷ፥ ስለ ጸሎቷና ስለ ጠባይዋ ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ተጽፎ የተገኘው በሁለት የክስ መዝገቦች ውስጥ ነው። አንደኛው በሐሰት የከሰሷት ሰዎች መዝገብ ነው፤ ሁለተኛው እናቷ ስለ ልጃቸው ስም ያቀረቡት አቤቱታ መዝገብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን መዝገቦች ተከትለን ሕይወቷን እንተርካለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቷና ጥሪዋ

ዣን፥ በእኛ አጠራር ዮሐና፥ በ1412 ገደማ በምሥራቅ ፈረንሳይ በመዝ ወንዝ አጠገብ ዶምሬሚ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደች። አባቷ ዣክ ዳርክ ገበሬ ነበሩ፤ እናቷ ኢዛቤል ሮሜ ይባሉ ነበር። አቡነ ዘበሰማያትን፥ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልንና ጸሎተ ሃይማኖትን ያስተማሯት እናቷ ናቸው። ፊደል አልቆጠረችም፤ መፍተልንና መስፋትን ግን በሚገባ ታውቅ ነበር። የመንደሯ ሰዎች ኋላ በመሐላ እንደመሰከሩት፥ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ሥራዋን አቋርጣ የምትጸልይ፥ ለድሆች የምትራራና ደጋግማ ንስሐ የምትገባ ልጅ ነበረች።

በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር ባደረገችው ረጅም ጦርነት ደቅቃ ነበር። በ1420 በትሯ ከተማ በተፈረመው ውል የፈረንሳይ አልጋ ወራሽ የእንግሊዝ ንጉሥ እንዲሆን ተወሰነ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ልጅ ሻርል ከአባቱ ርስት ተገፍቶ ከሎዋር ወንዝ በስተ ደቡብ ተወስኖ ተቀመጠ። የቡርጎኝ መስፍንም ከእንግሊዞች ጋር ወግኖ ስለ ነበር፥ ጦርነቱ በአንድ ሕዝብ መካከል የተነሣ የእርስ በርስ ጦርነት ጭምር ነበር።

ዣን የ13 ዓመት ልጅ ሳለች በአባቷ የአትክልት ቦታ ከሰማይ የመጣ ድምፅ መስማት ጀመረች። ድምፁም የቅዱስ ሚካኤል፥ የቅድስት ካተሪናና የቅድስት ማርጋሪታ መሆኑን ኋላ ለዳኞቿ ገልጣለች። በመጀመሪያ መልካም ልጅ እንድትሆንና ቤተ ክርስቲያን እንድታዘወትር፥ ቀጥሎም ሄዳ ንጉሡን እንድትረዳ አዘዟት።

ገና ከመንደሯ ሳትወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍርድ ፊት ቆመች። አንድ ወጣት ልታገባኝ ቃል ገብታልኛለች ሲል በቱል ከተማ በሚገኘው የጳጳሱ ፍርድ ቤት ከሰሳት። እርሷም በተጠራችበት ቀርባ፥ እውነቱን ለመናገር ምላ፥ እንዲህ ያለ ቃል ለማንም እንዳልሰጠች አስረዳች፤ ረታችም። በቱል የነበሩት ዳኞች ከሳሽንም ተከሳሽንም ሰምተው ፈረዱ። ይህን ትንሽ ጉዳይ አንባብያን በልባቸው እንዲይዙት እንፈልጋለን፤ ኋላ በሩዋን ከተማ ከሆነው ጋር ሲተያይ ትርጕሙ ይገለጣልና።

ከኦርሌያን እስከ ኮምፒዬኝ

በ1429 በፌብሩዋሪ ወር ከትንሽ አጃቢ ጋር ጠላት የያዘውን አገር አቋርጣ ሺኖን ወደሚገኘው የሻርል ቤተ መንግሥት ደረሰች። ሻርል ወዲያው አላመናትም። ወደ ፑዋትዬ ከተማ ልኮ በነገረ መለኮት ሊቃውንት ለሦስት ሳምንት ያህል አስመረመራት። ሊቃውንቱም ከትሕትና፥ ከንጽሕናና ከቅን እምነት በቀር ክፉ ነገር አላገኘንባትም ብለው መሰከሩላት። የዚህ ምርመራ መዝገብ ኋላ ጠፍቷል፤ ዣን ግን በሩዋን ዳኞች ፊት በፑዋትዬ የተጻፈውን ተመልከቱ እያለች ደጋግማ ትጠቅሰው ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው በዓለም የታወቀ ስለ ሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። ሜይ 8 ቀን 1429 ኦርሌያን ከከበባ ነፃ ወጣች፤ ጁላይ 17 ቀን ሻርል በሬምስ ካቴድራል ቅብዐ መንግሥት ተቀብቶ ሻርል 7ኛ ተባለ። በሴፕቴምበር በፓሪስ ላይ የተደረገው ዘመቻ ሳይሳካ ቀረ፤ እርሷም ጭኗ ላይ ቆሰለች። ሜይ 23 ቀን 1430 በኮምፒዬኝ ከተማ በር ላይ በቡርጎኝ ወታደሮች እጅ ተያዘች። በእርሷ ርዳታ ዘውድ የጫነው ንጉሥ አልዋጃትም፤ በ10,000 ሊቭር የገዟት እንግሊዞች ሆኑ።

ክሱ እንዴት ተመሠረተ

እንግሊዞች ዣንን እንደ ማንኛውም የጦር ምርኮኛ ሊይዟት በቻሉ ነበር። ነገር ግን ሻርል የተቀባው በመናፍቅ ሴት ርዳታ ነው ማለት ከቻሉ ቅብዐቱ ራሱ በሕዝብ ዓይን ይረክሳል። ስለዚህ የሃይማኖት ክስ አስፈለገ። የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በኑፋቄ እንድትከሰስ በጽሑፍ ጠየቁ። ዳኛ ሆነው የቀረቡት የቦቬ ጳጳስ ፒየር ኮሾን ነበሩ። እርሳቸው የእንግሊዙ ንጉሥ አማካሪ ሲሆኑ፥ የሻርል ሠራዊት ድል ባደረገ ጊዜ ከመንበራቸው የተሰደዱ ሰው ነበሩ። የተያዘችው በሀገረ ስብከቴ ወሰን ነው በማለት የዳኝነት ሥልጣን የእኔ ነው አሉ፤ የሩዋን መንበር በዚያን ጊዜ ባዶ ስለ ነበር በዚያ ለማስቻል ከካቴድራሉ ካህናት ጉባኤ ፈቃድ ተቀበሉ።

ጃንዋሪ 3 ቀን 1431 በእንግሊዙ ንጉሥ ስም ዣን ለጳጳሱ እንድትሰጥ ትእዛዝ ወጣ። በዚያው ትእዛዝ ላይ ግን ከኑፋቄ ነፃ ሆና ከተገኘች ወደ ንጉሡ እንድትመለስ የሚል ቃል ነበረበት። እንግዲህ ፍርዱ ሳይጀመር መውጫ በሩ ተዘግቶ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ በሃይማኖት የተከሰሰች ሴት በቤተ ክርስቲያን እስር ቤት ሴቶች እየጠበቋት እንድትቀመጥ ይጠይቅ ነበር። ዣን ግን በሩዋን ግንብ ውስጥ እግሯ በብረት ታስሮ በእንግሊዝ ወታደሮች ተጠበቀች። ስለ ጠባይዋ እንዲያጣሩ ወደ ትውልድ አገሯ የተላኩ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ ኋላ እንደመሰከረው፥ ነቀፋ የሚሆን ነገር አላገኙም፤ ይህም ውጤት በመዝገቡ ሳይገባ ቀረ።

በችሎት ፊት

ፌብሩዋሪ 20 ቀን የችሎቱ መልእክተኛ ካህኑ ዣን ማስዩ መጥሪያውን አደረሱላት። እርሷም በፈቃዷ እንደምትቀርብ ገልጣ ሁለት ነገር ለመነች፤ በእንግሊዞች ወገን ያሉት ካህናት ቍጥር በፈረንሳይ ወገን ካሉት ጋር እኩል እንዲሆን፥ ከመቅረቧም በፊት ቅዳሴ እንድታስቀድስ። ሁለቱም አልተፈቀዱላትም። ማስዩ ኋላ እንደመሰከሩት፥ ከእስር ቤት ወደ ችሎት ሲወስዷት በቤተ ጸሎቱ በር ስታልፍ የጌታ ሥጋ በውስጥ መኖሩን ጠይቃ ተንበርክካ ትጸልይ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ዣን ዴስቲቬ ይህን ባወቁ ጊዜ መልእክተኛውን አስፈራርተው ከለከሏት።

ፌብሩዋሪ 21 ቀን የ19 ዓመት ገደማ የሆነች ገበሬ ልጅ በብዙ ሊቃውንት ፊት ብቻዋን ቀረበች። ጠበቃ አልነበራትም። የምትከሰስበት ዝርዝርም ገና አልተነገራትም። ሁሉን እናገራለሁ ብላ እንድትምል ሲጠይቋት ስለ እምነቷና ስለ ሥራዋ እንደምትምል፥ ለንጉሡ ብቻ የተገለጠውን ግን እንደማትናገር አስታወቀች። አቡነ ዘበሰማያትን እንድትደግም ኮሾን ሲያዟት ጳጳሱ ንስሐዋን ከሰሙላት እንደምትደግም መለሰች፤ በዚህም ዳኛዋን ካህን መሆናቸውን አሳሰበቻቸው። በጸጋ ውስጥ መሆኗን ታውቅ እንደ ሆነ ጠየቋት። አዎን ብትል ትዕቢት፥ አይደለም ብትል በኃጢአት መኖሯን ማመን ይሆንባት ነበር። እርሷ ግን በጸጋ ውስጥ ካልሆነች እግዚአብሔር እንዲያገባት፥ ከሆነችም በዚያው እንዲጠብቃት እንደምትለምን ገለጠች። ጠያቂዎቹ ከዚህ በላይ በዚያ ነገር ሊገፉባት አልቻሉም።

በማርች መጨረሻ ዐቃቤ ሕጉ 70 አንቀጾች ያሉት ክስ አነበቡባት። ከዚያም ወደ 12 አንቀጾች ተጠቃሎ ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ተላከ። በዚህ ማጠቃለያ ብዙ መልሶቿ ተቈርጠው፥ ሌሎችም ተጣምመው ገብተዋል፤ ሊቃውንቱ የፈረዱት እርሷ በተናገረችው ላይ ሳይሆን ተናገረች በተባለው ላይ ሆነ። ሕሊናቸው የከበዳቸውም አልጠፉም። ዣን ሎዬ የተባሉ የሕግ ሊቅ የሙግቱ ሥርዓት የተጓደለ ነው ብለው ሩዋንን ለቀው ሄዱ፤ ኒኮላ ደ ኡፕቪል የተባሉ ካህንም ዳኞቹ ለዚህ ሥልጣን የላቸውም በማለታቸው ታሰሩ። የቀሩት አብዛኞቹ ግን ዝም አሉ።

ፍርዱና ሞቷ

ሜይ 24 ቀን በሴንት ኡዋን መካነ መቃብር በሕዝብ ፊት አቁመው የእምነት ክሕደቷን እንድትተው አስገደዷት። እርሷም ቃሏና ሥራዋ ሁሉ ወደ ሮም ወደ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንዲላክ ጠየቀች። ይህ በሕግ ፊት ይግባኝ ማለት ነው። ሮም ሩቅ ናት፥ ጳጳሳትም በየሀገረ ስብከታቸው ዳኞች ናቸው ተብሎ ተከለከለች። እሳቱ ሲያስፈራት በተሰጣት ጽሑፍ ላይ ምልክት አደረገች። ያነበቡላት ጽሑፍ ጥቂት መስመር ብቻ እንደ ነበረ በቦታው የነበሩ ሰዎች መስክረዋል፤ በመዝገቡ የሚገኘው ግን ረጅም ነው። የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን እስር ቤት ትወሰዳለች ስትል ግን ወደዚያው የወታደሮች ግንብ መለሷት።

ከጥቂት ቀን በኋላ የወንድ ልብስ ለብሳ ተገኘች። ለሞት መፍራቷ ድምፆቹን እንዳስካዳት ገልጣ ተጸጸተች። ዳኞቿም ወደ ኑፋቄዋ ተመልሳለች አሉ። ሜይ 30 ቀን 1431 ማለዳ ንስሐ ገብታ ቅዱስ ቁርባን ተቀበለች። መናፍቅ ናት ብለው የፈረዱባት ሰዎች ቅዱስ ቁርባን እንድትቀበል መፍቀዳቸው የፍርዱን መወላገድ ይመሰክራል። በአሮጌው ገበያ አደባባይ ከእንጨቱ ላይ ስትታሰር መስቀል ለመነች፤ አንድ እንግሊዛዊ ወታደር ከበትር ሠርቶ ሰጣት። ከአጠገቡ ቤተ ክርስቲያን የመጣውንም መስቀል አንድ መነኵሴ በዓይኗ ፊት ከፍ አድርገው ያዙላት። የኢየሱስን ስም እየጠራች በእሳት ሞተች። አመዷንም በሴን ወንዝ ጣሉት።

የእናት አቤቱታ

ውሃ ሲጎድል ተሻገር፥ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይላል ሕዝባችን። ኢዛቤል ሮሜ ዳኛ እስኪገኝ ከ20 ዓመት በላይ ጠበቁ። የኦርሌያን ከተማ ነዋሪዎች ስለ ልጃቸው ውለታ በከተማቸው እያኖሯቸው ቀለብ ይቈርጡላቸው ነበር። ሻርል 7ኛ ሩዋንን በ1449 ከያዘ በኋላ መዝገቡ ተገኘ፤ በ1450ና በ1452ም የመጀመሪያ ምርመራዎች ተደረጉ። ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ በንጉሥ ትእዛዝ ሊሻር አይችልም፤ የሚሽረው ቤተ ክርስቲያን ናት። ስለዚህ እናትና ወንድሞቿ ከሳሽ ሆነው ለሮም አመለከቱ። ር.ሊ.ጳ. ካሊስቶስ 3ኛ ጁን 11 ቀን 1455 ጉዳዩን ለሦስት ጳጳሳት፥ ማለትም ለሬምስ ሊቀ ጳጳስ፥ ለፓሪስና ለኩታንስ ጳጳሳት ሰጡ። ዶሚኒካዊው መርማሪ ዳኛ ዣን ብሬአልም ከእነርሱ ጋር ሠሩ።

ኖቬምበር 7 ቀን 1455 ያረጁት እናት በፓሪስ በእመቤታችን ካቴድራል በዳኞቹ ፊት ተንበርክከው የሮምን ደብዳቤ አቀረቡ። ልጃቸው በሕጋዊ ጋብቻ የተወለደች፥ ተጠምቃ ሜሮን የተቀባች፥ በእምነት ያደገች እንደ ነበረች፥ ጠላቶቿም ያለ አግባብ ከስሰው እንደ ገደሏት በእንባ አመለከቱ። የተሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ስለ ነበር ዳኞቹ ወደ ውስጥ ክፍል ይዘዋቸው ገቡ። ነገሩ ከባድና ረጅም መሆኑን አስጠንቅቀዋቸው፥ መልካም የሕግ ምክር እንዲያገኙም መከሩአቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የኢዛቤል ጠበቃ ክሱ በማን ላይ እንደ ሆነ ወስነው አስረዱ። የተከሰሱት ዳኛው ኮሾን፥ ዐቃቤ ሕጉ ዴስቲቬና ምክትል መርማሪው ዣን ለሜትር ናቸው፤ በተጣመመው 12 አንቀጽ ተታልለው ሐሳብ የሰጡት ሌሎች ሊቃውንት በክሱ አልተካተቱም። እናቲቱ የከሰሱት በደሉን ያደረገውን እንጂ በአካባቢው የነበረውን ሁሉ አልነበረም።

ሁለተኛው ፍርድ

ኮሾን በ1442 ሞተው ነበር። ቢሆንም ፍርድ ቤቱ ሟች ናቸው ብሎ መጥሪያን አልተወም። የኮሾን ወራሾች፥ በዚያን ጊዜ በቦቬ መንበር የነበሩት ጳጳስ፥ እንዲሁም ሌሎች ባለ ጉዳዮች የፊተኛውን ፍርድ የሚከላከሉ ከሆነ ቀርበው እንዲናገሩ በይፋ ተጠሩ። ወራሾቹ የፊተኛውን ሙግት ለመከላከል እንደማይፈልጉ አሳወቁ፤ ሌሎቹም ሳይቀርቡ ቀሩ። ለዣን ያልተሰጣት የመከላከል ዕድል ለከሳሾቿ ሳይጓደል ተሰጠ።

በዶምሬሚ፥ በኦርሌያን፥ በፓሪስና በሩዋን ከ100 በላይ ምስክሮች በመሐላ ተሰሙ። አብረዋት ከብት የጠበቁ ገበሬዎች፥ አብረዋት የዘመቱ መኳንንት፥ የፊተኛውን ችሎት ቃል የጻፉት ጊዮም ማንሾንም ቀረቡ። ማንሾን በችሎት ላይ በፈረንሳይኛ የጻፉትን ዋና ማስታወሻ ለዳኞቹ አስረከቡ። ከፊተኛው ችሎት ተካፋዮች አንዳንዶቹ አናስታውስም አሉ፤ ሌሎቹ ግን ፍርሃት እንደ ያዛቸው ገለጡ።

ጁላይ 7 ቀን 1456 በሩዋን በሊቀ ጳጳሱ አዳራሽ ፍርድ ተሰጠ። 12ቱ አንቀጾች በሐሰትና በተንኰል የተቀነባበሩ መሆናቸው ታውጆ ጽሑፉ እንዲቀደድ ተደረገ። የፊተኛው ሙግትና ፍርድም ከነውጤቱ የተሻረና ዋጋ የሌለው ሆነ፤ ዣንና ቤተሰቧ ከነቀፋ ሁሉ ነጹ። ፍርዱም በአዳራሽ ተወስኖ አልቀረም። በዚያው ቀን በሴንት ኡዋን፥ በማግሥቱም በተቃጠለችበት በአሮጌው ገበያ ለሕዝብ ተነበበ፤ በዚያም መታሰቢያ መስቀል እንዲተከል ተወሰነ። ስሟ በጠፋበት አደባባይ ስሟ ተመለሰ። ማንም በቅጣት አልተመታም፤ እናቲቱ የፈለጉት እውነቱ እንዲነገር ነበርና። ኢዛቤል ይህን አይተው በ1458 ዐረፉ።

ዣን በ1909 በር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 10ኛ ብፅዕት፥ ሜይ 16 ቀን 1920ም በር.ሊ.ጳ. ቤነዲክቶስ 15ኛ ቅድስት ተብላ ታወጀች።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ይህን ታሪክ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ስናስተምር፥ ቅድስትን ወደ እሳት የላከ ፍርድ በካህናት እጅ መጻፉን ልንሸሽግ አይገባንም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ስሕተቱን በአደባባይ አውጃለችና። ልጆቻችን ይህን ቢጠይቁን ሁለቱንም መዝገቦች እንንገራቸው፤ አንደኛውን ብቻ የሰማ ወይ በቤተ ክርስቲያን ይሰናከላል፥ ወይ ሰዎቿ ከቶ አይሳሳቱም ብሎ ያስባል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ክስ ነው። ሰውን መክሰስ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የተበደለ ሰው ወደ ዳኛ መሄዱ መብቱ ነው፤ ኢዛቤልም ከሳሽ ነበሩ። በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖናና በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና የማንም ሰው መልካም ስም ያለ አግባብ እንዳይጎዳ ያዝዛሉ፤ ምእመናንም መብታቸውን በቤተ ክርስቲያን ዳኛ ፊት የማስከበር ሥልጣን እንዳላቸው ይደነግጋሉ። የመከላከል መብት የተነፈገበት ፍርድ በእነዚህ ሕጎች ዘንድ ፍርድ አይባልም።

በየቁምስናችን የሚሆነውን እንመርምር። አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ወይም የማኅበር ገንዘብ ያዥ ይታማል። ክሱ ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ከአገልግሎቱ ይወገዳል፤ ሰው ግን ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ወሬ ይዞ ይፈርድበታል። ይህ ያለ እሳት የሚፈጸም የሩዋን ፍርድ ነው። ነገር ያለው ሰው ወንድሙን ፊት ለፊት ያናግር፤ ካልተስማሙ በምስክር ፊት፥ ከዚያም በቤተ ክርስቲያን ፊት ያቅርበው። ሰሚ የሆነውም ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አፉን አይክፈት። ክሱም ኢዛቤል እንዳደረጉት ልክ ይኑረው፤ የአንዱ በደል በቤተ ዘመዱና በባልንጀሮቹ ላይ አይጫን።

ሦስተኛው ስለ ካሳ ነው። የሰውን ስም ያጠፋ ሰው በንስሐ አባቱ ጆሮ ብቻ ተናግሮ አይለቀቅም፤ ስሙን ሊመልስለት ይገባል። በማኅበር መካከል የሰደበ በማኅበር መካከል ይመልስ፤ በገበያ ያማ በገበያ ያንሣ። የ1456ቱ ዳኞች ፍርዳቸውን ወደ መቃብሩና ወደ ገበያው ይዘው የሄዱት ስለዚህ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ነገር ግን ንጋቱ ሳይደርስ የምትቃጠል ነፍስ አለችና፥ እውነቱ በጊዜው እንዲነገር መትጋት የእያንዳንዳችን ዕዳ ነው። በሩዋን ዝም ካሉት ብዙ ሊቃውንት ወገን ሆነን እንዳንገኝ፥ በሐሰት የተከሰሰችና በመጨረሻዋ ሰዓት የኢየሱስን ስም የጠራች ቅድስት ዣን ዳርክ ስለ እኛ ትማልድ። አሜን።